ሐሙስ ማታ ምን በደለ?

በዚህ ሳምንት ስለ ምርጫ አልጽፍም። ስለ ጦርነቱም፣ ስለ ዶላሩም፣ ስለ ማዳበሪያውም አልጽፍም። እነሱን የሚጽፉልን አሉ፤ እኔም ሳምንት እመለስባቸው ይሆናል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ቁርጥ፣ ስለ ድራፍትና ስለ ጭፈራ ነው። "ይኼ ሰውዬ ምን ነካው? ሕዝቡ እንጀራ አርሮበት እሱ ስለ ጭፈራ ያወራል እንዴ?" ልትሉ ትችላላችሁ። በሉ፣ መብታችሁ ነው። ግን እስቲ አንድ ጊዜ ታገሡኝና ስለ ሐሙስ ማታ ላጫውታችሁ።

ሐሙስ ለምን? ቀላል ነው። ዓርብ ጾም ነው። ሥጋ የሚበላ ሰው ከዓርብ በፊት ሆዱን የሚያስታርቅበት ማታ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የሰርግ፣ የልደትና የባለገንዘብ ቀን ስለሆነ አስተናጋጅም አያይህም። እኛ ደግሞ ባለገንዘብ አልነበርንም። አምስት ነበርን። አንደኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ታሪክ ያስተምራል። ሁለተኛዋ ባንክ ቤት ትሠራለች። ሦስተኛው ሚኒባስ ታክሲ ይነዳል። አራተኛው ጋሼ የምንላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አምስተኛው እኔ፣ በጽሑፍ ልክ የሚከፈለኝ፣ አንዳንዴም የማይከፈለኝ ጋዜጠኛ ነኝ። (ይኼን የጻፍኩት አዘጋጁ እንዲያየው ነው።)

ቤታችን ካሳንቺስ ነበር። "ቤታችን" የምለው ግሮሰሪዋን ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ባንኮኒ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወሬ ይቆማል። ሁሉም ብርጭቆውን ይዞ ዝም ይላል። ዝናቡ ሲያባራ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። የቀበሌ ቤት ነው፤ ባለቤቲቱ እትዬ ደግሞ የቀበሌ ተከራይ ናቸው። ከጎን ልኳንዳ አለ። ሥጋውን እዚያ መርጠህ፣ አስመዝነህ፣ እዚህ ትቀመጣለህ፤ ልጁ በትሪ ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር ይዞልህ ይመጣል። መራጩ ጋሼ ናቸው። "ዳቢቱን ተው፣ ዛሬ ሻኛው ነው የሚያምረው" ካሉ ካሉ ነው። ይግባኝ የለም።

ሹፌሩ እስላም ነው። እኛ የምንበላውን ሥጋ አይበላም፣ የምንጠጣውንም አይጠጣም። እትዬ ለሱ ለብቻ ድስት ሽሮ ይሠሩለት ነበር። ከሚሪንዳው ጋር እሱን እየበላ እኛን እንደ በሬ ነጋዴ እየገመገመ ይስቅብናል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ጉዳዩ ይገለበጣል። ለሁለት ወር ያህል አምስታችንም ከአንድ ትሪ በያይነቱ እንበላለን። "አሁን ገና ሰው ሆናችሁ" ይላል። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ሐሙስን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት እንገፋውና ቴምሩን እሱ ይዞ ይመጣል። ይኼን "መቻቻል" ብሎ ስብሰባ የጠራበት ሰው አልነበረም። አበል የተከፈለበትም የለም።

የባንክ ቤቷ ጓደኛችንስ? እንደምታውቁት ሴት ልጅ ግሮሰሪ ከተቀመጠች ዓይን ይበዛባታል። እትዬ ቤት ግን አንድ ቀን አንድ ሰካራም ነካ ሊያደርጋት ሲሞክር እትዬ በእንጨት ማማሰያ አስወጥተውታል። ከዚያ ወዲህ "እዚህ ከእናቴ ቤት የበለጠ ነፃነት አለኝ" ትል ነበር። እናቷ ይኼን ጋዜጣ እንደማያነቡ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሥጋው በኋላ፣ ከሦስት ሰዓት ግድም በኋላ፣ ሁለት ቤት አልፈን አዝማሪ ቤት እንገባለን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዝማሪ ቤት ገብቶ የማያውቅ አንባቢ ካለ (ካለ ደግሞ ያሳዝናል) ነገሩ እንዲህ ነው። መድረክ የሚባል ነገር የለም። ማሲንቆ የያዘው ሰውዬ ጉልበትህ ላይ ሊቀመጥ ምንም አይቀረውም። ሸሚዝህን፣ ፀጉርህን፣ አብራህ የመጣችውን ሴት እያየ እዚያው ይገጥምብሃል። ከሰደበህ ትስቃለህ። ካመሰገነህ ብር ታወጣና ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ። ሆድህ የያዘው ነገር ካለ "ተቀበል!" ትለዋለህ። ስንኙን ትሰጠዋለህ፣ እሱ በዜማ ይቀበልሃል። ቀጥታ ብትናገረው የሚያስጠይቅህን ነገር ሰም አልብሰህ ትወረውረዋለህ፤ ወርቁን ቤቱ ሁሉ ያነሣዋል። ከመቶ ስብሰባ አንድ ማታ አዝማሪ ቤት ያሳለፈ ሰው የሕዝቡን ሆድ የበለጠ ያውቀዋል። መቼም ሹማምንቱ ስብሰባውን መርጠዋል።

ጭፈራውስ? መጀመሪያ ጎጃም ይመጣል፤ ትከሻ ይነቀነቃል። ቀጥሎ ጉራጌው ሲመታ እግር ይነሣል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ትግርኛው ይመጣል፣ ሁሉም ክብ ሠርቶ ይዞራል። ከዚያ ኦሮምኛው፣ ከዚያ ወላይታው፤ ወገብ ያለው ወገቡን ያወጣል። አንድም ሰው "ይኼኛው የኔ አይደለም" ብሎ ሲቀመጥ አላየሁም። ቀን ቀን በቴሌቪዥንና በስልካችን ላይ ብሔር በብሔር ተቧድነን የምንሰዳደብ ሰዎች ማታ አራት ሰዓት ላይ የዚያኑ የምንሰድበውን ሕዝብ ጭፈራ ካልጨፈርን ብለን እንጋፋለን። እኔ ትከሻዬ የደረቀ ሰው ነኝ፣ እስክስታ አልተፈጠረልኝም። ግን እነሣለሁ። ጋሼ ደግሞ በዚያ ዕድሜያቸው ማንኛውም ምት ቢመታ የሚጨፍሩት ያው የጎረምስነታቸውን ትዊስት ነው። ጎጃምም ቢሆን፣ ጉራጌም ቢሆን፣ ትዊስት።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። "ሀገር እየነደደ ጭፈራ ምንድነው?" የሚል ሰው አለ። ይኼን ጥያቄ እኛም አንድ ሐሙስ ማታ ራሳችንን ጠይቀናል። መምህሩ ነው ያነሣው፤ ዘመዶቹ ያሉት ጦርነቱ ካለበት አገር ነው። ያን ሳምንት ስልክ ተቋርጦበት ነበር። "እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ እኔ እዚህ ቁርጥ እቆርጣለሁ፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?" አለ። ዝም አልን። የመለሱለት ጋሼ ናቸው።

ጋሼ በ1969 ዓ.ም. ወጣት ጸሐፊ ነበሩ። ጊዜው ሰዓት እላፊ ነው። ማታ ከተወሰነው ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ምን እንደሚሆን የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። ጭፈራ ቤቶቹ ታዲያ መላ ፈጠሩ። ሰዓቱ ሳይደርስ ትገባለህ፣ በሩ ይዘጋል፤ ሰዓት እላፊው እስኪነሣ እዚያው ትጨፍራለህ። ከገባህ ገባህ ነው። ለመውጣት ንጋት መጠበቅ ነው። ራስ ሆቴል አይቤክስ፣ ሂልተን ዋሊያስ፣ ግዮን ዳህላክ ባንድ ይጫወት ነበር። ዛሬ ፈረንጅ በውድ ዋጋ የሚገዛው የኛ ሙዚቃ ሌሊቱን የተሠራው በዚህ ዓይነት በተዘጋ በር ውስጥ ነው። ጋሼ እንደሚሉት ንጋት ላይ ሲወጡ መንገድ ዳር የተጣለ ሬሳ ያዩበት ቀን አለ። ዘመኑ ቀይ ሽብር ነው። "ታዲያ በሚቀጥለው ሳምንት እንዴት ተመለሳችሁ?" አልናቸው። "ቤት ብቀር ኖሮ ብቻዬን አስበው ነበር። እዚያ ግን ያየነውን አራት ሆነን አየነው" አሉ። ለመምህሩም ሥጋ ጠቅልለው አጎረሱት። መምህሩ ጎረሰ። አለቀሰም። ከዚያ ተነሥተን አዝማሪ ቤት ገባን። እኔ በበኩሌ የዚያን ቀን ማታ በመጨፈሬ አላፍርም።

የኛ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ቀብር ተውሎ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ሌሊት ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳያድር ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። ሳቅም አለ። ሐዘንተኛው ራሱ ፈገግ የሚልበት ጊዜ አለ። ማንም "ሟቹን ናቃችሁ" አይልም።

አዲስ አበባ እንዲህ ስትዝናና የኖረች ከተማ ናት። ከጋሼ በፊት በነበረው ትውልድ ውቤ በረሃ ነበር፤ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር በ"ሌቱም አይነጋልኝ" የተረከለት ሰፈር። ደርግ ወድቆ ሰዓት እላፊው ሲነሣ በ1980ዎቹ ካሳንቺስ ላይ አዝማሪ ቤት ፈላ። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲጎዳ ጃዛምባም አብሮ ሄደ፤ ሙዚቃ ወዳዱ ግን ሌላ ቤት ፈልጎ ገባ። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንደታወጀ እናንተው ቁጠሩት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ብሎ ጭፈራ ቤት ሁሉ ተዘጋ። እትዬ ያን ጊዜ ግሮሰሪዋን ዘግተው በመስኮት እንቁላል ሸጡ፤ ዘመኑ ሲያልፍ እንደገና ከፈቱ። ይኼን ሁሉ ያለፈ ቤት የወደቀው በምን መሰላችሁ? በኤክስካቫተር።

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ፒያሳ ሄደች። ዶሮ ማነቂያ፣ አያቶቻችን ጮማ የቆረጡበት ሰፈር፣ በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆነ። "ልማት ነው" ተባልን። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የካሳንቺስ ሆነ። ፈንዲቃ እንኳ አልተረፈም። ፈንዲቃ ማለት መላኩ በላይ የሚባለው ጨፋሪ ልጅ በጉርሻ ብር እየጨፈረ፣ ባንኮኒ ሥር እያደረ ካደገበት አዝማሪ ቤት የዓለም ሰው የሚመጣበት የባህል ማዕከል ያደረገው ቤት ነው። ያም ፈረሰ። እሱስ ስሙ ዓለም አቀፍ ስለሆነ ከፈረሰ በኋላ ዝግጅቱን በትልቅ ሆቴል ውስጥ ቀጠለ። ስም የሌላቸውን እነ እትዬንስ የትኛው ሆቴል ነው የሚያስጠጋቸው?

ለእትዬ የመኖሪያ ቤት ተሰጥቷቸዋል፤ ልዋሽ አልፈልግም። ገላን ጉራ ነው። ግድግዳው ጤነኛ ነው፣ ሽንት ቤቱም የራሳቸው ነው። የካሳንቺሱን ሽንት ቤት ያየ ሰው ይኼ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። እኔም "የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር" ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሰፈሩ ያፈስ ነበር፣ ይሸት ነበር፣ እሳት ቢነሣ መኪና አይገባም ነበር። የአዝማሪ ቤት አስተናጋጆችም ኑሮ ጭፈራ አልነበረም። ደመወዛቸው የስም ነው፤ ጉርሻ ካልመጣ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ልጆች ነበሩ። እኛ ጥርሳችንን ከፍተን ስንስቅ እነሱ እግራቸው አብጦ ነው የሚያድሩት። ከጎን የሚኖረውም ሰው እንቅልፍ አጥቶ የረገመን ቀን ብዙ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ለእትዬ የተሰጣቸው መኖሪያ እንጂ መሥሪያ አይደለም። ቤት ሰጥተው እንጀራ ወሰዱ። ደንበኞቻቸውንስ? እኛንስ? ማን ጠየቀን? የፈረሰው ቤት ሲመዘገብ "አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ባንኮኒ" ተብሎ እንኳ አልተጻፈም። አምስት ሰው ሐሙስ ሐሙስ የሚቀመጥበት ወንበር በምን ዓምድ ይሞላል?

"መናፈሻ ተሠርቶላችኋል" ይሉናል። ተሠርቷል። አንድነትና ወዳጅነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፣ እንጦጦ በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ልጄን ወስጃለሁ፣ ፎቶ ተነሥቻለሁ፣ ያምራሉ። መንገዱም ሰፍቷል፤ መብራቱ ሌት ተቀን ነው፤ የእግር መሄጃው ላይ ወንበር ሳይቀር አለ። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ እዚያ ወንበር ላይ አምስት ሰው ሥጋ ዘርግቶ አራት ሰዓት ሊቀመጥ ይችላል? ደንብ አስከባሪው ደቂቃ አያስቀምጥህም። ይባስ ብሎ በዚያው በ2017 ዓ.ም. በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ከተማዋ ማታ ማታ ሕይወት ይኑራት ነው ነገሩ። ኧረ ባካችሁ! ሕይወት የነበረውን ሰፈር አፍርሳችሁ ስታበቁ ለጫማ መሸጫ "አምሽ" ብላችሁ በደንብ ታዛላችሁ? ካሳንቺስን ያመሸው ደንብ አልነበረም።

ከፈረሰ በኋላ ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ሐሙሳችንን ይዘን ስደት ወጣን። መጀመሪያ ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ሞከርን። መብራቱ ሰማያዊ ነው፤ ሥጋው በእንጨት ጣውላ ላይ ከሰላጣ ጋር ተሸልሞ ይመጣል፤ ዘፈኑ ደግሞ እንኳን ልናወራ ልናስብም አያስችል። ያኔ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር "በገበያ ይመራ" ተብሎ ከተለቀቀ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል። የዘይቱ፣ የሥጋው፣ የቢራው ዋጋ አብሮ ሰማይ ወጥቷል። ሂሳቡ በቆዳ መያዣ ተደርጎ መጣ። ከነቫቱና ከነሰርቪሱ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አርባ ብር። ከመምህሩ የወር ደመወዝ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? እትዬ ቤት ሂሳብ ሲመጣ ጠብ ነበር። "እኔ ልክፈል!" "በሞቴ!" "ባለፈው አንተ ነህ የከፈልከው!" እየተባለ እጅ ለእጅ እንያያዝ ነበር። ገንዘብ የሌለው እንኳ የይስሙላ ይታገላል፤ እትዬም ሁኔታውን አይተው "የዛሬው ተከፍሏል" ይሉና ማታውን በደብተራቸው ላይ ይጽፉታል። የክብር ነገር ነው። ቦሌ ግን ያ የቆዳ መያዣ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ጠብ አልተነሣም። ሁላችንም ስልካችንን ማየት ጀመርን። ጓደኛሞች ሆነን ስንኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን መተያየት አፈርን። በመጨረሻ የባንክ ቤቷ ከፈለች። መምህሩ በሚቀጥለው ሐሙስ "ፈተና አርማለሁ" ብሎ ቀረ። በሚቀጥለውም ፈተና አረመ። ትምህርት ቤት ተዘግቶም ያርም ነበር።

ጋሼ ደግሞ ገላን ጉራ ደርሷቸዋል። ማታ ታክሲ እንደልብ አይገኝም፤ ሐሙስ ሐሙስ ሹፌሩ እየሄደ ያመጣቸው ነበር። ነዳጁ ሲወደድና ሥራው ሲጠብቅበት በሁለት ሳምንት አንዴ ሆነ፣ ከዚያ በወር አንዴ። ከዚያ "ደውሉልኝ" ሆነ። እንደዋወልም ነበር። ሰው ሲራራቅ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ "ሰሞኑን እመጣለሁ" እየተባለ ሰሞኑ አያልቅም።

ዘንድሮ ስልካቸው አልነሣ አለ። "ተበላሽቶባቸው ይሆናል" አልን። እውነትም ተበላሽቶ ነበር። ግን ስልኩ ብቻ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ተኝተው ነበር፤ ከዚያም አርፈዋል። የሰማነው በአምስተኛው ቀን ነው። ልጃቸው የኛን ቁጥር አታውቅም፤ ሰፈሩ አዲስ፣ ጎረቤቱ አዲስ፣ ዕድሩ ገና መቋቋሙ። ዱሮ ቢሆን ጋሼ አንድ ሐሙስ ከቀሩ እትዬ በማግስቱ ልጅ ይልኩ ነበር፤ ሁለት ሐሙስ ከቀሩ እኛው ቤታቸው ነን። የሰው መታመም የሚታወቀው በዚያ ነበር፤ ወንበሩ ባዶ ሲሆን። ሃያ ዓመት ያህል አብረውን የበሉ ሰው ሲቀበሩ አንዳችን እንኳ አፈር አላለበስንም።

በኢትዮጵያዊ አነጋገር ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

እንግዲህ እኔ ስለ መዝናናት የምከራከረው ለዚህ ነው። ሹማምንቱ "መዝናኛ" ሲሉ የሚያዩት ትርፍ ነገርን ነው፤ መጀመሪያ መንገዱ፣ መጀመሪያ ሕንፃው፣ ጭፈራው ቆይቶ ይደርሳል ይላሉ። ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ካሳንቺስና ፒያሳ ላይ በሚነሡት ሕንፃዎች ሥር፣ ምድር ቤቱን ሁሉ ለባንክና ለስልክ መሸጫ ከመስጠት፣ በፈረሰው ሰፈር ይሠሩ ለነበሩ ግሮሰሪዎች፣ ልኳንዳዎችና አዝማሪ ቤቶች በቀበሌ ኪራይ ዋጋ ጥቂት ክፍል ይተውላቸው። ገላን ጉራና ሌላውም የተነሽ ሰፈር ውስጥ ደግሞ እንደ እትዬ ያለ ሰው በሩ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ዘርግቶ እንዲሠራ ይፈቀድለት። በደርግ ጊዜ እንኳ የቀበሌ መዝናኛ ክበብ ነበር! ጥላሸት የመሰለ ግድግዳና የተሰበረ ወንበር ነበረው፤ ሰላይም አይጠፋውም ነበር፤ ግን ድሃ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣበት ነበር። ወታደሩ መንግሥት ያሰበውን ነገር የዛሬዎቹ ባለጊዜዎች እንዴት ሳቱት?

ባለፈው ሐሙስ አራታችን ጋሼ ቤት ለቅሶ ደርሰን ተመለስን። ልጃቸው አልወቀሰችንም፤ ብትወቅሰን ይሻል ነበር። እትዬ እዚያው ነበሩ፣ ቡና የሚያፈሉት እሳቸው ናቸው። ስንወጣ በፌስታል ሥጋ፣ በሃይላንድ ላስቲክ ጠጅ፣ ለሹፌሩ ደግሞ በትንሽ ሳህን ሽሮ ያዙልን። "የት ሄደን እንብላው?" ተባባልን። ለመቀመጥ ገንዘብ የማይጠይቅ ቦታ አጣን። መጨረሻ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ እንብላ ተባለ። ሹፌሩ ካሳንቺስ ገብቶ፣ ድሮ ግሮሰሪዋ የነበረችበት ይመስለናል በምንለው አቅጣጫ ዳር ይዞ አቆመ። መብራቱ ቀን አስመስሎታል። ወንበሮቹን ገልብጠን ፊት ለፊት ተቀመጥን። የጋሼን ድርሻ እንዳስለመድነው ከፊታቸው አደረግን፤ ማለቴ እሳቸው ቢኖሩ ይቀመጡበት ከነበረው ወንበር ላይ። ከበላን በኋላ መምህሩ ጠጁን ቀመሰና ድንገት "ተቀበል!" አለ። ማሲንቆ የለ፣ አዝማሪ የለ፤ ሹፌሩ መሪውን እንደ ከበሮ መታ አደረገለት።

መንገዱ ሰፋ አሉ፣ መሄጃው አማረ፤
መድረሻ ቤት ጠፍቶ እግሬ መንገድ ቀረ።

የባንክ ቤቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። መኪናው ተወዛወዘ። እኔም ወንበሩ መሀል ጎንበስ ብዬ፣ ለጋሼ ስል፣ ትዊስት ሞከርኩ። እየሳቅን እያለን መስተዋቱ ተንኳኳ። ደንብ አስከባሪ ነው፤ ልጅ እግር፣ ጨዋ ልጅ።

"ይቅርታ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው" አለ።

"ወዴት እንሂድ ታዲያ?" አለው ሹፌሩ።

ልጁ መንገዱን ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። "እንጃ፣ ዝም ብላችሁ ተንቀሳቀሱ" አለን። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ።